«ማሽኑ ሁሉንም ያያል» ስለተባሉት እናት፦ የሬቲና ፎቶና ኦሲቲ

ጥያቄ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው መሐል ሜዳ ነው። ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመት ሆኗታል፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ማንበቢያ መነጽር ላሠራላት ደብረ ብርሃን ይዣት ሄድኩ። የሁለቱም ዓይኗ እይታ 6/9፣ የዓይን ግፊቷ 17 እና 18 ነው አሉን። ቀጥሎ የሬቲና ፎቶና ኦሲቲ የሚባል ምርመራ ለየብቻ ክፈሉ፣ ማሽኑ ሁሉንም ስለሚያይ ጠብታ አያስፈልግም ተባልን። ታላቅ ወንድሟ በግላኮማ ዓይኑ ጠፍቷል። ይህ ምርመራ የግድ ነው ወይስ ለገንዘብ ነው? ጨረሩስ አይጎዳትም?»

መልስ፦

ፎቶው ለእናትዎ ያስፈልጋል። ኦሲቲውም (የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን የሚለካው ቅኝት) ያስፈልጋል፤ ዋናው ምክንያት ግን ስኳሩ ሳይሆን የወንድማቸው ግላኮማ፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ ነው። ብሌንን ስለሚያሰፋው ጠብታ «አያስፈልግም» የሚለውን አይቀበሉ። ያዘዘውን ባለሙያም «ይህን ያዘዙት ምን ጠርጥረው ነው?» ብለው ይጠይቁት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመለሰልዎ ይክፈሉ። «ለሁሉም ሰው እናደርገዋለን» ካለ ግን ምክንያቱን እስኪነግርዎ ገንዘብዎን ይያዙ፤ ማሽን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ጨረሩን በተመለከተ ስጋት አይግባዎት። ሁለቱም እንደ ራጅ አይደሉም። የፎቶ ካሜራው ነጭ ብልጭታ ነው የሚያበራው፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያቸውና ይጠፋል። ኦሲቲ ደግሞ በጣም ደካማ በሆነና ዓይን እምብዛም በማያየው ብርሃን ይሠራል፤ በአብዛኞቹ ማሽኖች ሞገዱ ወደ 840 ናኖሜትር ይጠጋል። ዓይንን የሚነካ ነገር የለውም፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን አይከለከልም። ከእነዚህ ለይተው ማወቅ ያለብዎት በክንድ ደም ሥር ፍሎረሲን የሚባል ቢጫ ቀለም ተወግቶ የሚነሣውን ፎቶ ነው። እሱ ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ቆዳን ለጥቂት ሰዓት ሽንትን ለአንድ ቀን ያህል ያቀልማል፣ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ያስነሣል፤ ስለዚህ የመደበኛ ምርመራ አካል አይደለም። ያንን ካዘዙላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ።

አሁን በፎቶና በኦሲቲ መካከል ያለው ልዩነት። ሬቲና ከዓይን ጀርባ በውስጥ በኩል የተለጠፈ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይወፍር ሽፋን ነው። ፎቶው ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል እንደማየት ነው፤ የደም ሥሮቹ መንገድ፣ የፈሰሰ ደም፣ የተጠራቀመ ስብ፣ የዓይን ነርቩ ራስ ይታያል፤ ከሥር ያለው ግን አይታይም። ኦሲቲ መንገድ ሲቆረጥ የተጋለጠውን የአፈር ንብርብር ከጎን እንደማየት ነው። እያንዳንዱን ንብርብር ይለያል፣ ውፍረቱን በማይክሮን (በሚሊ ሜትር ሺኛ) ይለካል፤ የአሁኖቹ ማሽኖች 5 ማይክሮን አካባቢ የሚሆን ልዩነት ይለያሉ። የሚቆርጠው ግን ትንሽ ቦታ ነው፦ ማኩላን፣ ማለትም ጥርት አድርገን የምናይበትን መሐል፣ እና የነርቩን ዙሪያ። ከእነዚህ ውጭ ያለውን አያውቅም።

ሁለቱም የማይደርሱበት ጠርዝ አለ። የተለመደው ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው 45 ዲግሪ ያህል ነው። 200 ዲግሪ የሚያነሡም አሉ፤ እነሱንም ከላይና ከታች ቆብና ሽፋሽፍት ይጋርዳቸዋል። ጠርዙ በደንብ የሚታየው ብሌን በጠብታ ሰፍቶ፣ ሐኪሙ ራሱ ላይ በሚያስረው መብራትና በእጁ በሚይዘው 20 ዳይፕተር (ዳይፕተር የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው) ሌንስ ሲያይ ነው። መሐሉን ደግሞ በስሊት ላምፕ (አገጭ አስደግፎ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው ባለ መብራት ማይክሮስኮፕ) ላይ በ78 ወይም በ90 ዳይፕተር ሌንስ ያያል። ይህ ምርመራ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ በእኔ ግምት ግን ለእናትዎ ከሦስቱ አንድ ብቻ ይመረጥ ቢባል እሱን እመርጣለሁ።

«ጠብታ አያስፈልግም» የሚለው ከየት መጣ? ካሜራዎቹ ያለ ጠብታ እንዲያነሡ ተደርገው የተሠሩ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ብሌኑ በጨለማ ክፍል ውስጥ በራሱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት። ዕድሜው የገፋ፣ በዚያ ላይ ስኳር ያለበት ሰው ብሌን ደግሞ ጠባብ ነው፤ በጨለማም እንደ ልብ አይከፈትም። ሌላም አለ፦ የመጀመሪያው ዓይን ላይ ብልጭ ሲል የሁለተኛውም ብሌን አብሮ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በመካከል ጥቂት ደቂቃ በጨለማ መቆየት ግድ ነው። ወረፋ በበዛበት ቀን የሚዘለለው ይህ ቆይታ ነው። የቀኙ ፎቶ ጥርት ብሎ የግራው ጠርዙ በጥቁር ጥላ ከተበላ፣ ከዓይኑ ይልቅ ችኮላውን ይጠርጥሩ።

ጠብታውን በተመለከተ፣ ለአዋቂ የተለመደው ትሮፒካማይድ 1 በመቶ ነው፦ በእያንዳንዱ ዓይን አንድ ጠብታ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ አንድ ይደገማል። ብዙ ጊዜ ፌኒሌፍሪን 2.5 በመቶ ይጨመርበታል። የፌኒሌፍሪን 10 በመቶው ደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግፊትና የልብ ሕመም ላለባቸው አይመከርም፤ እናትዎ የደም ግፊት ካለባቸው ቀድመው ይናገሩ። መጽሐፍ ላይ ብሌን በ20 ደቂቃ ይሰፋል ይላል። የእኛ ዓይን ጥቁር ስለሆነ ቀለሙ መድኃኒቱን ይዞ ያቆየዋል፣ ስለዚህ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በ15 ደቂቃ ተጠርተው ከገቡ ምርመራው ከጅምሩ ተበላሽቷል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ደቂቃ መጫን መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ያደርጋል። አትሮፒን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብሌኑን ከሳምንት በላይ ከፍቶ ያቆየዋል።

ከጠብታው በፊት ሁለት ነገር መሠራት አለበት፦ የዓይን ግፊቱ ይለካል፣ የዓይኑ የፊት ክፍል ጥልቀት በስሊት ላምፕ ይታያል። የፊቱ ክፍል ጠባብ በሆነ ሰው ላይ ብሌኑ ሲሰፋ የዓይኑ የውስጥ ውኃ መውጫ ሊዘጋና ግፊቱ በድንገት ሊወጣ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ግን በዚያው ቀን ማታ ዓይን ካመመ፣ ከቀላ፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየና ማስመለስ ከመጣ እስከ ነገ አይታደርም፣ ወዲያው ይመለሳሉ።

ፎቶው ሲነሣ ምን ይበላሻል? እርስዎ ስክሪኑ አጠገብ ይቀመጡና ውጤቱን ከባለሙያው ጋር አብረው ይዩ፤ ጥሩ ባለሙያ አይቆጣም። ለእያንዳንዱ ዓይን ቢያንስ ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፦ አንዱ ማኩላን መሐል ያደረገ፣ ሌላው የነርቩን ራስ መሐል ያደረገ፤ በድምሩ አራት። ቀጫጭን የደም ሥሮች ማኩላው አካባቢ ድረስ ተከትለው መታየት አለባቸው፣ ያ ካልታየ ፎቶው ለስኳር ምርመራ አይበቃም። ጠርዙ ላይ ግራጫ ጉም ከተጋረደ ካሜራው ወይ ቀርቧል ወይ ርቋል። ከታች በኩል ብሩህ ቃጫ ከታየ ሽፋሽፍት ነው፣ ቆቡ በጣት ይያዝ። ሁሉም ነገር ደብዝዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ዓይን ካርገበገቡ በኋላ ከጠራ ችግሩ የዓይን ድርቀት ነው። ካርገበገቡም በኋላ ካልጠራ ሞራ ይጠረጠራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በቀኝም በግራም ዓይን ፎቶ በትክክል አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ በሽታ አይደለም፣ የካሜራው ሌንስ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። እንደኛ አቧራ በበዛበት አገር ይህን ሳይለዩ ሪፈር መጻፍ ያጋጥማል።

ወደ ስኳሩ እንምጣ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተገኘበት ሰው ዓይኑ መታየት ያለበት በሽታው በተገኘበት ጊዜ ነው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ምክንያቱም ስኳሩ ከመገኘቱ በፊት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። (በመጀመሪያው ዓይነት በ5 ዓመት ውስጥ ይጀመራል።) እናትዎ 9 ዓመት ሙሉ ታይተው የማያውቁ ከሆነ ፎቶው ዘግይቷል እንጂ አልበዛም። 6/9፣ ማለትም ለሙሉ የቀረበ እይታ፣ ማየታቸው ዓይናቸው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ በስኳር የተጎዳ ሬቲና ጉዳቱ ማኩላን እስኪነካ ወይም ደም እስኪፈስ ድረስ እይታ ላይቀንስ ይችላል። ፎቶው ላይ የሚፈለጉት፦ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀይ ነጥቦች፣ ትላልቅ የደም ጠብታዎች፣ ቢጫ የስብ ቅንጣቶች፣ እንደ ባዘቶ ያሉ ነጭ ነጠብጣቦች፣ ከሁሉም በላይ አዲስ የበቀሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች። ምንም ከሌለ ቀጠሮው ከዓመት በኋላ ነው። ቀይ ነጥቦቹ ብቻ ካሉ ከ6 እስከ 12 ወር፣ ጉዳቱ መካከለኛ ከሆነ ከ3 እስከ 6 ወር፤ አዲስ የደም ሥር ካለ በሳምንታት ውስጥ የሬቲና ሐኪም ጋ ለሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ ለሚሰጥ መርፌ መድረስ አለባቸው። ቢጫ ቅንጣት ማኩላ አጠገብ ከታየ ያን ጊዜ ኦሲቲ ለስኳሩም ይታዘዛል፤ ፈሳሽ መቋጠሩንና መጠኑን የሚነግረው እሱ ነው። የማኩላው መሐል ውፍረት እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ300 ማይክሮን አካባቢ ካለፈ እብጠት ይጠረጠራል። «እንደ ማሽኑ ዓይነት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የተለያዩ ፋብሪካ ማሽኖች ልኬቱን የሚጀምሩት ከተለያየ ንብርብር ነው፤ በአንዱ 265 የተባለው በሌላው 285 ቢሆን ዓይኑ አበጠ ማለት ላይሆን ይችላል። ክትትሉ በአንድ ማሽን ይሁን።

ግላኮማው ይበልጥ ያሳስበኛል። ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለበት የራስ ዕድል በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የዓይን ግፊታቸው 17 እና 18 መሆኑ አያስተማምንም፦ የተለመደው ልክ ከ10 እስከ 21 ቢሆንም በዚህ ልክ ውስጥ ሆኖ ነርቩ የሚበላ ሰው አለ፤ የዓይኑ የፊት መስታወት (ኮርኒያ) ስስ ከሆነ ደግሞ መለኪያው ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ የመስታወቱ ውፍረት አንድ ጊዜ ይለካ። በነርቩ ራስ መሐል ያለው ጉድጓድ ከጠቅላላው ስፋት ስንት እጅ እንደሆነ ይጻፍላቸው፤ 0.7 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም በሁለቱ ዓይኖች መካከል 0.2 ልዩነት ከታየ ክትትል ይፈልጋል። ኦሲቲ እዚህ ነው ዋጋውን የሚያወጣው። በነርቩ ዙሪያ ያለውን የነርቭ ቃጫ ውፍረት ይለካል፣ በጤነኛ አዋቂ አማካዩ ከ90 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰውየው የእይታ ክልሉ መጥበቡን ሳያውቅ በፊት መሳሳቱን ያሳያል።

ውጤቱ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ታትሞ ይሰጣችኋል። ቀይ ሲያዩ አይደንግጡ። ማሽኑ የሚያወዳድረው ውስጡ ከተጫኑ ጤነኛ ሰዎች ልኬት ጋር ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ የእኛ አገር ሰው ያለበትን ማሽን ማግኘት ከባድ ነው። የአፍሪካውያን የነርቭ ራስ በአማካይ ሰፊ ስለሆነ ጉድጓዱም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰፊ ሊመስል ይችላል። ከፍተኛ የቅርብ ብቻ እይታ ያለው ሰውም ያለ በሽታ ቀይ ይወጣበታል። ከቀለሙ በፊት የሲግናሉን ጥንካሬ ያንብቡ፦ ከ10 የሚሰጥ ማሽን ከሆነ ከ6 በታች ያለው ውጤት አይታመንም፤ ሞራና ድርቀት የነርቩን ቃጫ ከእውነቱ ያሳሱታል። ምስሉ ላይ የደም ሥር እንደ ደረጃ ተቆርጦ ከታየ በመካከል ዓይን ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፣ ይደገም፤ ቅኝቱ ጥቂት ሰከንድ ነው። አረንጓዴም ቢሆን ነገሩን አይዘጋውም፤ የማዕዘን ምርመራና (የውኃው መውጫ የሚታይበት) የእይታ ክልል ምርመራ ከጎኑ ይቆማሉ። በሌላው ጫፍ፣ በሽታው በጣም ከገፋ ቃጫው 50 ማይክሮን አካባቢ ሲደርስ ልኬቱ ከዚያ በታች አይወርድም። እንደ አጎትዎ ላለ ሰው ኦሲቲ በየጊዜው መድገም ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተረፈ እይታ ካለ በእይታ ክልል ምርመራ ነው የሚከታተሉት።

እግረ መንገዴን፦ በእኛ አገር በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ፣ የዓይን ሌንስ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ የሚያስቀምጥና ግፊትን በፍጥነት የሚያወጣ የግላኮማ ዓይነት አለ። የሬቲና ፎቶም የነርቩ ኦሲቲም ብናኙን አያሳዩም። የሚታየው በስሊት ላምፕ ነው፣ ይበልጡንም ብሌን ሲሰፋ። ጠብታው የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ብዙ ቦታ የሚበላሽ፣ ማንም የማያስተውለው ነገር ደግሞ ምዝገባው ነው። የኦሲቲ ዋናው ጥቅም የዛሬውን ከዓመቱ ጋር ማወዳደር ነው። በእኛ 1960 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሳይቀየር 1960 ተብሎ ከገባ ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጀዋል፣ ከሱ ከሚያረጁ ሰዎች ጋርም ያወዳድረዋል። ቃጫው በዕድሜ ስለሚሳሳ ስህተቱ ወደ «ደህና ነው» ያደላል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ባለሙያ አስተካክሎ ሲያስገባ ደግሞ ማሽኑ አዲስ ሰው ነው ብሎ አዲስ ፋይል ይከፍታል፣ ማወዳደሪያው ይጠፋል። ስምም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይጽፈውም። የስሙን አጻጻፍ፣ የትውልድ ቀኑንና የካርድ ቁጥሩን ከኅትመቱ ላይ በስልክ አንሥተው ይያዙ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይህንኑ ያሳዩ። ምስሎቹንም በፍላሽ ይጠይቁ፤ የወረቀቱ ኅትመት ቀለሙ ስለሚለቅ ለሌላ ሐኪም ብዙ አይጠቅምም።

ሁለቱም የማይመልሷቸው ጥያቄዎች አሉ። የቲቢ መድኃኒት ኢታምቡቶል የሚወስድ ሰው ቀይና አረንጓዴ መለየት ሲያስቸግረው ነርቩ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶው ግን መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ነው። ግልባጩም አለ፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በነበረው የፀሐይ ግርዶሽ እንደሆነው ፀሐይን በባዶ ዓይን አፍጥጦ ያየ ሰው ፎቶው ደህና መስሎ ኦሲቲው መሐል ላይ ትንሽ ክፍተት ሊያሳይ ይችላል። በአገራችን ትልቁ የዓይነ ስውርነት ምክንያት የሆነው ሞራ ደግሞ ከሁለቱ አንዱንም ሳይፈልግ በስሊት ላምፕ ይታወቃል። (እ.ኤ.አ. በ2005–2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ የታወሩ ነበሩ።)

በድንገት የሚበሩ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ የመብረቅ ብልጭታ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩ ፎቶ ቤት ሳይሆን በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ይወሰዳሉ፣ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ለሰሜን ሸዋ ሰው አንድ የተለየ ማስጠንቀቂያ ላክል፦ ለተላቀቀ ሬቲና አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው ጋዙ ሳያልቅ ወደ ላይ መውጣት የለበትም። ጋዙ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ይቆያል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ይጠጋል፣ ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል፤ ከፍታው ሲጨምር ጋዙ ይለጠጣል፣ ግፊቱ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። አውሮፕላን የተከለከለበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ስለ መኪናው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የለም። ሐኪሙ መኖሪያቸው የት እንደሆነ ባይጠይቅም ይንገሩት።

የመጡበት መነጽር ቀርቷል። ስኳር ሲወጣና ሲወርድ የዓይን ሌንስ ውኃ እየያዘ ስለሚለቅ ቁጥሩም ይለዋወጣል። ሰሞኑን ስኳራቸው ከፍ ብሎ ከነበረ ወይም መድኃኒት ከተቀየረ፣ ልኩ ከተረጋጋ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ይለኩ። የመነጽር ልኬት ከጠብታው በፊት ይሠራ፣ ጠብታው ከገባ በኋላ የቅርብ እይታ ለ4 እስከ 6 ሰዓት ይደበዝዛል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገብተው ልኬቱን፣ ግፊቱንና ኦሲቲውን ቢያስቀድሙ፣ ከዚያ ጠብታ፣ ቆይታ፣ ፎቶና የሐኪም ምርመራ ሲደረግ አምስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ከኦሲቲው በፊት ድርቀት ካለ አንድ ጠብታ ሰው ሠራሽ እንባ ይበቃል። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ለሰፋ ብሌን ትከብዳለች፤ ጥቁር መነጽር ወይም ባለ ጥላ ኮፍያ ይያዙላቸው፣ ከሌለ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጎተት ያድርጉ። ደረጃ ሲወርዱና መኪና ሲሳፈሩ ክንዳቸውን ይያዙ፤ የመሐል ሜዳን መኪና ብቻቸውን አይሳፈሩ።